ሆድ ያባውን ናና አወጣው

አናጺው የተማረ ሰው አይወድም። ስምንተኛ ክፍል ሳለ አንዱ አስተማሪ ሰሌዳ ፊት ገትሮ ክፍሉን ሙሉ አሳቀበት፤ እሱም በዚያው ደብተሩን ጥሎ መጋዝ አነሳ። ልብ የሚሉት ነገር ግን ጉድ ነው። ከሴት ሁሉ መርጦ የወደደው የሚሠራበትን ኮሌጅ የሥነ ልቦና መምህርት!

እሷ እንደ ሌሎቹ መጽሐፍ እየገለጠች አታደነቁርም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ጠረጴዛዋን ቅጠልና ሥር ታለብሰዋለች። ይህን የሩቅ አገር ሰዎች ለቅድመ አያቶቻቸው ያጤሱታል፣ ያንን ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ያጠጡታል እያለች የሰውን አእምሮ ከዚያ ትጀምራለች።

አንድ ቀን እሷ ስታስተምር አናጺው የክፍሏን ጥግ ይዞ አግዳሚ ወንበር ይጠግናል። የዚያ ክፍል ወንበር መቼም ዕድሜ የለውም፤ በተጠገነ ማግስት ይወላልቃል።

«ይህን የጠጣ ሰው» አለች መምህርቷ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ማንቆርቆሪያ አንስታ፣ «ሽማግሌ ፊት መዋሸት አይችልም ይላሉ። ማን ይሞክራል?»

ተማሪው ሁሉ አንገቱን ቀበረ። ጉዱን የሚያውቅ ባለቤቱ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተስ? አንተ እንኳ አትፈራም።»

አናጺውን አትፈራም ካሉት ገደል ይገባል። መጋረጃው ተዘጋ፤ ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ በጣታቸው ቀስ እያሉ መቱ። እሷ ኩባያውን በሁለት እጇ ስታቀርብለት ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ጨለጠው። ደረቱ ሞቀ፣ ምላሱ ቀለለ።

«ወንበሩ በራሱ አይደለም የሚሰበረው» አለ። «ብሎኑን አላልቼ የምሄደው እኔ ነኝ። ተመልሼ እንድመጣ። አንቺን እንዳይ።»

መምህርቷ የምትገባበት ጠፋት።

«ቲቸር፣ ግን ቅጠሉ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ናና» አለች በቀጭን ድምፅ።

አናጺው «ና፣ ና» ያለችው መሰለው። እጁን ዘርግቶ ሄደላት!

«ኧረ የሻዩ ናና ነው የኔ ወንድም!» ጮኸ ተማሪው። «የሰው ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ የሱን ናና አወጣው!»

ሳቁ ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። አናጺው መዶሻውን አንስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ይቅርታ። የሚሠራው ቅጠሉ ሳይሆን እምነቱ እንደሆነ ላሳያቸው ነበር። አስቀድሜ ብነግርህ ትምህርቱ አይሠራም ነበር።»

«ትምህርቱማ ሠራ። የፈረስኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በሰው ፊት የጣልሽኝን በሰው ፊት አንሺ። የጓዳ ይቅርታ አልፈልግም።»

መሬት መሬት አየች። ከዚያ እጅጌውን ይዛ ወደ ክፍሉ መለሰችው።

«ስሙኝ» አለች። «እሱ ጠጥቶ ተናገረ። እኔ ምንም አልጠጣሁም። ወንበሩን ማን እንደሚያላላው ካወቅኩ ከርሜአለሁ፤ ሌላ አናጺ እንዳይላክ የምለምነውም እኔ ነኝ። እወደዋለሁ። በባዶ ሆዴ።»

አሁን የሳቀ የለም። ኋላ ላይ አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?»

«ለእኔ ወጥቶብኛል። ማለፌን እሱን ጠይቁት።»

ዓይን ሁሉ ወደ አናጺው ዞረ። በሕይወቱ ሌላው ለእሱ ማርክ ሰጠ እንጂ እሱ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ለማኩረፍ ሞከረ፤ ጥርሱ ግን አልታዘዝ አለው።

«ለማለፍ ያህል ነው» አለ። «ሙሉውን ከፈለግሽ ነገ እናቴ ፊት ድገሚው።»