የአቶ ጠና መስኮትና ቀንድ አውጣዋ

አቶ ጠናን የገደለው ሰው ከዚያ ክፍል በየት ወጣ? መቶ አለቃ ጴጥሮስ ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ይህን ደጋግሞ ራሱን ጠየቀ።

ሟቹ አልጋው ላይ እንደተንጋለለ በገዛ ትራሱ ታፍኖ ሞቷል። ጠባቡ ክፍል አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። የበሩ መቀርቀሪያ ተነቅሎ ወድቋል። ጴጥሮስ አንስቶ አገላበጠው፤ ምስማሮቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፣ የበሩ እንጨትም አልተሰነጠቀም። የመስኮቱ ሁለት ሳንቃዎች ግጥም ብለው ተዘግተዋል።

ጊዜው የካቲት 1957 ነው። ሆሳዕና ከጥቅምት ወዲህ ዝናብ አላየችም። ጴጥሮስ እዚሁ አቅራቢያ ዶዮገና ተወልዶ ባሕር ማዶ ነው የተማረው። እዚያ ሳለ አገሬ፣ አገሬ ይል ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ግን እንደገና ለመሄድ እግሩን እየበላው፣ የሚያየውንም ሁሉ እየተጠራጠረ ይኖራል።

«በሩን ማን ሰበረው?»

«እኔ» አለ ብሩ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ። ትምህርቱን አዲስ አበባ ጨርሶ በቅርቡ የመጣ፣ በአካባቢው ሹም በግራዝማች ወንዳፈረው ቢሮ የሚሠራ ጸሐፊ ነው። «ጠዋት ለቁርስ ልጠራው መጣሁ። ብጣራ ዝም አለ፤ ብገፋው ከውስጥ ተቀርቅሯል። በትከሻዬ ገነጠልኩት። ገዳዩ በመስኮት ገብቶ በመስኮት ነው የወጣው። ማገጃ የለውም፤ ሕፃን ቢገፋው ይከፈታል። ደግሞስ ሰውዬው ተይዞ የለ? ምን ትደክማለህ?»

የተያዘው አህመድ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጴጥሮስ እስር ቤቱ ሲደርስ ግድግዳ ተደግፎ አገኘው።

«አቶ ጠናን መናኸሪያ ውስጥ ለምን ሰደብካቸው?»

«በቅሏቸው መኪናዬ ፊት ተገትራ አልነሳ አለች፣ ጌታዬ። እሳቸው አህያ አሉኝ። እኔም እንዲያ ከሆነማ ከበቅሎዎ ጋር ዘመዳሞች ነን አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አሁን የሳቀው ሁሉ ምስክር ሆኖ መጣብኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ወደ አዲስ አበባ ሊልኩኝ ነው አሉ። ከሄድኩ ገመድ ነው የሚጠብቀኝ። ሚስቴ ሀሊማ ደግሞ ወሯ ገብቷል።»

ጴጥሮስ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰ። ባለቤቲቱን ወይዘሮ ገነቴን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ አገኛት።

«እናቴ፣ በሩ ሲሰበር የት ነበሩ?»

«ማጀት። ብሩ ‹ተቀርቅሯል› ብሎ ጮኸ። እየሮጥኩ ስመጣ በሩ ጓ ብሎ ተበረገደ።»

«እርስዎ በሩን ነክተውታል?»

«ኧረ ደጃፉም አልደረስኩ!»

«ብሩና አጎቱ ይስማሙ ነበር?»

«ልጅ የለንም። ጠና እሁድ ሽማግሌ ጠርቶ ቤቱንም ጓሮውንም ለእኔ ሊያደርገው ነበር። ብሩ ይህን ከሰማ ጀምሮ አብሮን አንድ ገበታ ቀርቦ አያውቅም።»

እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ጠዋት ለቁርስ ሊጠራ መምጣቱ ጴጥሮስን ከነከነው። ቀና ሲል መስኮቱን አየ።

«ይህስ ለምን ተዘጋ?»

«አንተ የዶዮገና ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለች እያዘነች። «ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ያያል? ከኅዳር ጀምሮ ጎረቤቶቼ እየመጡ እዚሁ እንፍቃለን። ጠና ነውር ነው ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።»

ጴጥሮስ ተጠግቶ ሳንቃዎቹ የሚገጥሙበትን ስንጥቅ በዓይኑ ተከተለ። ወደ መሃሉ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አተኩሮ ተመለከተ።

በማግስቱ ግራዝማችን፣ ብሩን፣ ወይዘሮ ገነቴንና እጁ የታሰረውን አህመድን መስኮቱ ሥር ሰበሰባቸው።

«ግራዝማች፣ እዚህ ጋ ምን ይታይዎታል?»

ግራዝማች ዓይናቸውን አጠበቡ። «ቀንድ አውጣ። ሽምብራ የምታህል።»

«ግማሽ አካሏ በቀኝ ሳንቃ፣ ግማሹ በግራው ላይ ነው። አፏን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ሽፋን ዘግታ ከሁለቱም ጋር ተጣብቃለች። መስኮቱ አንዴ ቢከፈት ሽፋኑ ይቀደድ ነበር።»

ብሩ ሳቀ። «ገዳዩ ከወጣ በኋላ ተለጥፋ ቢሆንስ? ፈረንጅ አገር ያስተማሩህ ይህን ነው?»

«ይህን የተማርኩት ዶዮገና ነው። ልጅ ሳለን ከእንሰት ቅጠል ላይ እየፈለግን መቼ ትወጣለች ብለን እንጠብቅ ነበር። በበጋ ራሷን ትዘጋለች፤ ዝናብ ካልመጣ ንቅንቅ አትልም። ሽፋኑ ላይ የጋገረውን አቧራ ተመልከት። የወራት እንጂ የትናንት አይደለም።» ወደ ግራዝማች ዞረ። «እንግዲህ በመስኮት የገባም የወጣም የለም። ገዳዩ በበር ከወጣ ደግሞ በሩ ከውስጥ ሊቀረቀር አይችልም። ተቀርቅሯል ያለን ማነው? አንድ ሰው ብቻ። መቀርቀሪያውን አስቀድሞ ነቀለ፤ ከዚያ ጮኾ ክፍቱን በር በትከሻው መታ። በትከሻ ቢገነጠል ኖሮ ምስማሩ ይጣመም፣ እንጨቱም ይሰነጠቅ ነበር። የዚህን ጓሮ ወግ ስላላወቀም በዚህ መስኮት አመካኘ።»

የብሩ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ወይዘሮ ገነቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አንተ ብሩ!» ብቻ አለች።

ግራዝማች ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀንድ አውጣ ይዤ ፍርድ ቤት ልቁም? ብሩ የቢሮዬ ሰው ነው። ከበላይ ትዕዛዝ ካልመጣ እሱንም አላስነካም፣ ሾፌሩንም አልፈታም።»

ጴጥሮስ ያን ቀን ለአለቃው ቴሌግራም ላከ፦ «ፎቶግራፍ አንሺና የመያዣ ትዕዛዝ ዝናብ ሳይጥል ይላክልኝ።» መስኮቱን በቆርቆሮ ጋርዶ ይጠብቅ ጀመር። አህመድም ሲያየው ሁሌ «ጌታዬ፣ መልስ መጣ?» ይላል። ሀሊማ ወለደች፤ መልስ ግን አልመጣም።

መጋቢት ሲብት ዝናቡ ወረደ። ጴጥሮስ እየሮጠ ሄዶ ቆርቆሮውን አነሳ። ቀንድ አውጣዋን ዝናቡ ባይነካትም እርጥበቱ በቅቷታል። ሳንቃው ላይ የቀረው ወደ ጣሪያው የሚወጣ አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ብቻ ነው። መስኮቱን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ልብሱ እንደራሰ ቴሌግራም ቤት ገባ፦ «ምስክሯ ሄዳለች። እስረኛው ግን አለ። ምን ላድርግ?»

መልስ አልመጣም።