ቀዩ ሰንደቅና ጥሬው ሊጥ

የዘርባን ነገሥታት ዜና መዋዕል እንዲህ ይላል፦ «በበጋው ማብቂያ የነፋስ አውሬው ጉርናም ያለ አንዳች ምልክት ከራሞት ተራራ ወረደ፤ የኦልማንም ሸለቆ በሰደድ እሳት አጋየ። የነፋስ ተመልካቹ ናድራስ ግን ከነበልባሉ ሦስት ሕፃናት አወጣ፤ ጀግናም ተባለ።»

የኦልማ ሰዎች ግን እንዲህ ይላሉ፦ «ምልክትማ ነበረ። ያን ጠዋት ሣሩ ገና ሲነኩት ይሰበር ነበር፤ ጥንብ አንሳዎችም መሬት ለመሬት በረሩ። ከነፋስ ተመልካቹ ማማ ላይ ቀዩ ሰንደቅ አልተሰቀለም እንጂ።»

ሰንደቁ ሲሰቀል፣ ነፋሱ እሳቱን እንዳይበትነው፣ አገሩ ሁሉ ምድጃውን ያጠፋል፤ ይህ ሕግ ነው። ነፋሱ ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ ሳይጋገር የዋለው ሊጥ በተመልካቹ ደጃፍ ይቆለላል፤ ይህ ልማድ ነው።

ንጉሡ የብር ልጓም ለናድራስ ሰጥቶ፣ «ጀግናችን ሆይ፣ ጉርናም ዳግም ሳይነሣ ሂድና እሰረው! አውሬው ታስሮ የሚቀረው ግን ልጓሙን በእጁ የጠመጠመ ሰው አብሮት ድንጋይ ሲሆን ነው» ባለው ጊዜ ናድራስ አንገቱን ደፋ። ለሕዝቡ ትሕትና መሰለው።

መንገዱን የመራችው ቶልሲያ ነበረች፤ የገደል ማር ቆራጭ፣ ልጇ በኦልማ የተቃጠለባት አሮጊት።

«ቀስ በል» ትለው ነበር ገደሉ ላይ። «ጀግናም ሲወድቅ እንደ ዱባ ነው የሚፈርጠው።»

በሰባተኛው ቀን ጉርናምን በዋሻው አፍ ተኝቶ አገኙት፤ ክንፉ የአቧራ ማዕበል፣ እስትንፋሱ ዐለት የሚልጥ። ናድራስ ዘሎ ልጓሙን አጠለቀለት። አውሬው ሲነሣ ተራራው ተናወጠ፤ ናድራስና ቶልሲያ መዳፋቸው እስኪደማ ልጓሙን ጎተቱ። በመጨረሻ ጉርናም ተንበረከከ።

«እርስዎ ይውረዱ፤ እኔ እቀራለሁ» አለ ናድራስ። «እማማ፣ ያን ጠዋት ጥንብ አንሳዎቹን አይቻለሁ። ሰንደቁም በእጄ ነበር። ዓምና በደጃፌ የተቆለለውን ሊጥ አስቤ… አጥፌ አስቀመጥኩት። ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

 ቶልሲያ ልጓሙን አልለቀቀችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሊጡን ተሸክሞ ደጃፍህ ያፈሰሰው ልጄ ነበር። አቡክቼ የሰጠሁት ደግሞ እኔ። ያን ቀን ስንስቅ ነው የዋልነው።»

«እንግዲያውስ ይቅጡኝ! እዚሁ ልቅር።»

«አዬ ልጄ! እዚህ ድንጋይ ብትሆን እየመጡ ይሳለሙሃል፤ መጽሐፉም ውሸቱን ይዞ ይኖራል። የጉርናም ግልገሎች፣ ታናናሾቹ ነፋሳት፣ ገና ሜዳውን ይዞሩታል፤ ማማው ተመልካች ይፈልጋል።»

ይህን ብላ ልጓሙን በክንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። የድንጋይ ግራጫ ከጣቶቿ ወደ ትከሻዋ መውጣት ጀመረ።

«በል ወርደህ ምን እንደምታደርግ ቶሎ ንገረኝ፤ ጆሮዬ ሳይደፈን።»

ናድራስ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። ትሰማው ዘንድ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«እወርዳለሁ! በአደባባይ እናገራለሁ፤ ዜና መዋዕሉም ይፋቃል። ከእንግዲህ በተጠራጠርኩ ቁጥር ሰንደቁን እሰቅላለሁ። ሰዎቹም ሊጡን ያምጡት!»