ያልነደደው የበለስ አልኮል

ንጋሲ በአስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ሃንጋር ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ጭንቅላቱ በከባድ መፍቻ ተፈርክሷል፤ ፊቱና ደረቱ ከስለው የገዛ ሚስቱ እንኳ ያወቀችው በጫማው ነው። ነሐሴ 1957 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሻምበል በራኺ በጎዳይፍ ሰፈር በኩል ብስክሌቱን እየጋለበ ደረሰ። በሩ ላይ ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው።

«ገዳዩ ተይዟል ሻምበል! ተኽኣ ይባላል፣ መደበር ገበያ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የሟች ሚስት ወንድም። እሑድ ሟችን በቡጢ ደም አስተፍቶት ነበር። ‹ሳትቃጠል በፊት እኔው እገድልሃለሁ› ሲል ጎረቤት ሰምቷል። ኮሎኔሉም እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክሱ ይጻፍ ብለዋል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? ለቅሶ ልደርስ?»

በራኺ እንዲህ ነው፤ አለቃ ሲያጣድፈው ይብስበታል። በዚህ ክስ የተፈረደበት ሰው ገመድ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ሰው ደግሞ በሦስት ሰዓት ሥራ አይሰቀልም። ሱሪው ይቆሸሽ ብሎ በሆዱ ተኛና ከሬሳው ጎን እንደ ውሻ አሸተተ።

ከጉልበት በታች ሟች አልተቃጠለም፤ ሱሪው ርጥብ ነው፣ አረቄ አረቄ ይሸታል። እግሩ ሥር ሦስት ያለቁ ክብሪቶች ወድቀዋል። ቀና ሲል ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። አውሮፕላኗ አጠገብ ያለውን ትንሽ የአልኮል በርሚል ግን እሳት አልነካውም።

አውሮፕላኗ የአንበጣ መድኃኒት የምትረጭ ባለ አንድ ሞተር ናት። ሜካኒኩ ንጋሲ ከበለስ ፍሬ በተጣራ አልኮል ሊያስበርራት ሁለት ዓመት ለፍቷል። ተኽኣ መደበር ላይ ያጣራል፣ ንጋሲ ይሞላል፣ አብራሪው ክፍሉ ያበራታል። በአስመራ ብርድ ሞተሩ በአልኮል ስለማይነሳ፣ ለማስነሻ ብቻ አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጋን ክንፏ ሥር አለች። በራኺ ክዳኗን ከፍቶ እንጨት ሰደደባት። ባዶ።

ክፍሉ ከሃንጋሩ ደጅ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ። ዛሬ ፌርማታው ጋ ቆሜ ጥቁር ጭስ አየሁና ሮጥኩ። ያ አልኮል በላው! ስንቴ ተው ብዬዋለሁ!»

«አንተስ ትቀምሰዋለህ?»

«በጾመ ፍልሰታ? ምን ነካዎት ሻምበል!»

የቤንዚን አቅራቢው አቶ ጸሃየ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ንጋሲን እጠላው ነበር፤ አልክድም። አውሮፕላኗ ጠብታ ቤንዚን ሳትነካ ከበረረች እኔ ቤቴ መቀመጤ ነበር። ግን ዛሬ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ጸጉሬን ስስተካከል ነው የዋልኩት። ባርበሩን ጠይቁት!»

ተኽኣ እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን መታኸው?»

«ፈርቼ ነው። አየር ላይ ተቃጥሎ እህቴን መበለት ያደርጋታል ብዬ። ይኸው አደረጋት!» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በራኺ የሟችን ሚስት መብራትን ለብቻዋ ወሰዳት። ወንድሟን ሰርቃ እያየች ተከተለችው።

«እህቴ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ። ዝምታሽ ማንንም አያድንም።»

«ለምሳ መጥቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እህል አልቀመሰም። ‹ዛሬ አልኮሉን በአልኮል መለኪያ ለካሁት፤ ውሃ ጨምሮበታል! ጉዱን አወጣለሁ› እያለ ወጣ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። የሚያጣራው ተኽኣ ነው... ሻምበል፣ ሌላ ወንድም የለኝም።»

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አላትና ወደ በርሚሉ ሄደ። በጣሳ ቀድቶ ክብሪት ጫረበት። አልነደደም። ደግሞ ጫረ። ወይ ፍንክች!

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉንም በርሚሉ ዙሪያ አቆማቸውና ከዚያው በብርጭቆ ቀድቶ ከፍ አደረገ።

«አብራሪ በየማለዳው ከነዳጅ ጋኑ በብርጭቆ ቀድቶ ያያል፤ ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር ይዘቅጣል። እስቲ ይህን እዩልኝ።»

«ንጹሕ ነው» አሉ አቶ ጸሃየ።

«ንጹሕ ነው» አለ ተኽኣ።

«መልካም። ይህን ሞልተን አሁን ወደ ምጽዋ እንብረር። ማን አብሮኝ ይሄዳል?»

«እኔ!» አለ ተኽኣ። «ንጋሲ የለፋበት ነው። ከነካቴናዬ ጫኑኝ!» ሄዶም ክንፉ ላይ ወጣ።

«ክፍሉ፣ አስነሳ።»

ክፍሉ ፊቱ አመድ መሰለ። «አልበርም።»

«የኮሎኔሉ ትእዛዝ ነው!» ሲል በራኺ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ።

«ነፋሲት ገደል ላይ ሞተሩ ይጠፋል! ከግማሽ በላይ ውሃ ነው እኮ!»

ተኽኣ ከክንፉ ላይ ዞሮ አየው።

«በምን አወቅህ?» አለ በራኺ ቀስ ብሎ። «ብርጭቆው አያሳይም። ውሃ ከቤንዚን ይለያል፣ ከአልኮል ግን ይዋሃዳል። ይህን ሟች በመለኪያ ያወቀው ዛሬ ነው፤ አንተ ደግሞ ከትናንት ወዲህ አላየሁትም ብለሃል። ከሱ በቀር ማወቅ የሚችለው የጨመረው ሰው ብቻ ነው። ተኽኣ ጨምሮት ቢሆን ልቡ እያወቀ ክንፉ ላይ አይወጣም። ንጹሕ አልኮል ሲነድ ጥላሸት የለውም፤ ጣሪያውን ያጠቆረው ቤንዚን ነው። አልኮል አጠገቡ እያለ ገዳዩ ቤንዚን ለምን ፈለገ? መጀመሪያ አልኮሉን ሬሳው ላይ አፈሰሰው፣ ሦስት ክብሪት ጨረሰ፣ እምቢ አለው። ያኔ ከማስነሻዋ ጋን ቤንዚን ቀዳ። አቶ ጸሃየ አውሮፕላኗ ጠብታ ቤንዚን የማትነካ መስሏቸዋል፤ ያቺ ጋን መኖሯንም አያውቁም። አንተ ታውቃለህ። ውሃ የሚጨምረው ያጎደለ ሰው ነው፤ ይህን ያህል ደግሞ ለብቻ አይጠጣም። ከጓደኞችህ ጋር ጠጣኸው፣ የጎደለውን በውሃ ሞላኸው፣ ዛሬ ንጋሲ ያዘህ።»

«የበረራ ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ነበር!» ብሎ ክፍሉ ከጠረጴዛው መፍቻ መዞ በራኺ ላይ ሰነዘረ። ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቀጭ አለ። ተኽኣ ከክንፉ ዘሎ ወረደበት፤ በታሰሩ እጆቹ አንገቱን አንቆ ጣለው፣ በካቴናው ብረት አፉን ደጋግሞ ወቀጠው፣ ጥርሶቹ ሲሚንቶው ላይ ረገፉ።

«ተኽኣ! በቃ!» ብላ መብራት ጮኸች። ቆመ።

ክፍሉን እየጎተቱ ወሰዱት። ሃምሳ አለቃው አፍሮ ካቴናውን ፈታ። ተኽኣ ሻምበሉ እህቱን ለብቻዋ ሲያነጋግራት ከሩቅ አይቶ ነበር።

«መብራት፣ ምንድን ነው የደበቅሽው?»

«ውሃ ጨምሮበታል ያለኝን።»

«እኔ መስዬሽ?»

«እወ» አለች ዓይኑን እያየች። «አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«ባልሽን የገደልኩት መስሎሽ... እንዲያም ሆኖ ደበቅሽኝ?»

«ሁለታችሁን በአንድ ቀን ልቅበር?»

ተኽኣ ጃኬቱን አውልቆ የንጋሲን ፊት ሸፈነና በራስጌው በኩል ተንበረከከ።

«በእግሩ በኩል ያዢልኝ» አላት። «ሌላ ሰው አይንካው።»

ይዛ ብድግ አደረገችው፤ ወደ ቤትም አብረው ወሰዱት።