ከፊት ብቻ የታጠበው ዛፍ

«የኋላውን ተይው። በወንበሮቹ በኩል ያለውን ብቻ እጠቢ» አሉ መምህር ቻንድራካር ከታች ሆነው።

ዱሌሽዋሪ መሰላል ላይ ቆማ የኒም ዛፉን ቅጠሎች በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ስትነክረው ውሃው ጠቆረ። ሲቀየር ሦስተኛው ነው። መሰላሉን የያዘችላት ጓደኛዋ ራምካሊ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሲጨርሱ ደግሞ ኩል ይኩሉት ይሆናላ፤ ሙሽራ አደረጉት እኮ» አለች።

በየዓመቱ እንዲሁ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ቀን ሲደርስ የብረት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ችግኝ አስይዞ ይመጣል፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት ተማሪው ባልዲ ተሸክሞ ዛፍ ሲያጥብ ያረፍዳል። ዛፍ የሚታጠብበት ትምህርት ቤት የት አገር አለ? ጥቀርሻውን የሚተፋው የእሱ ጭስ ማውጫ፣ የሚያጥቡት የድሃ ልጆች። ለምደነዋል፣ ከሁሉ የሚያናድደውም ይኸው ነው። በዚህ በራይፑር ከተማ ዳርቻ ነጭ ልብስ ውጭ የሚያሰጣ ሰው የለም። ጠዋት የምንበላው በውሃ ያደረ ሩዝ እንኳ ክዳኑ ተከፍቶ ትንሽ ከቆየ ጥቁር ነጠብጣብ ይለብሳል፤ በጣታችን እየለቀምን እንበላለን።

ዱሌሽዋሪም እስከ ዛሬ ስታጥብ ኖራለች፣ ያውም እየሳቀች። ዛሬ ግን ሳቅ ከየት ይምጣ? ጠዋት እናቷ ከጸሎት በፊት እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ ያለችውን የተቀደሰች ተክል፣ ቱልሲን፣ ቅጠል በቅጠል ስትወለውል፣ የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ቲኬሽ ትንፋሽ አጥሮት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አባቷ ተሸክሞት ወደ ክሊኒክ ሮጠ፤ እሷም ተከተለች። ሐኪሙ የመተንፈሻ ጭንብል አድርጎለት ልጁ ትንሽ መለስ ሲል፣ የት ነው የምትኖሩት ብሎ ጠየቀ። አባቷ ከፋብሪካው ጀርባ ነው አለ። ሐኪሙም ከካርዱ ቀና ሳይል፣ እንግዲያው ሰፈር ቀይሩ አላቸው። ሰፈር እንደ ሸሚዝ የሚቀየር ይመስል! አባቷ ቲኬሽን ቤት አደረሰና ፈረቃው እንዳያልፈው ወደዚያው ፋብሪካ ሄደ።

ከመሰላሉ ስትወርድ መምህሩ አንድ ወረቀት ሰጧት። ድምጿ ጥሩ ስለሆነ ንግግር አቅራቢዋ እሷ ነበረች። ገለጥ አድርጋ አየችው። ፋብሪካው ለከተማችን ንጹሕ አየር ስለሚያደርገው እንክብካቤ፣ እኛም ልጆቹ በደስታ ስለመተንፈሳችን ያወራል።

«ቲቸር፣ ይሄን ማንበብ አልችልም» አለች። «ወንድሜ ዛሬ ጠዋት መተንፈስ አቅቶት ነበር።»

መምህር ቻንድራካር ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የእሳቸውም የአስም መድኃኒት ከኪሳቸው አይለይም።

«ልጄ፣ አባትሽ በኮንትራት አይደል የሚሠራው? ነገ አትምጣ ቢሉት የወንድምሽን መድኃኒት ማን ይገዛል? ሁለት ደቂቃ ናት፣ አንብቢና ውረጂ።»

የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። የልጁን ትንፋሽ የሚነሳውም፣ የትንፋሹን መድኃኒት የሚያስገዛውም ያው ፋብሪካ። ራምካሊ እንኳ ቀልዷን ትታ፣ አንቺ ባታነቢው ሌላ ልጅ ማንበቡ አይቀርም፣ አንብቢውና ይለፍ አለቻት። ዱሌሽዋሪ እውነት መሆኑን ስለምታውቅ ይብሱን ተናደደች።

ሥራ አስኪያጁ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። የአበባ ጉንጉን አጠለቁለት፤ ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀና አለና፣ ምን ያማረ ዛፍ ነው አለ። መምህራኑ ፈገግ አሉ።

የዱሌሽዋሪ ስም ተጠራ። ማይክሮፎኑ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ በእጇ ላብ ርሷል። አባቷን አሰበች፤ የቲኬሽን ከንፈርም አሰበች። ስለ ፋብሪካው አንድ ክፉ ቃል አይወጣኝም፣ ይሄን ውሸት ግን አላነብም አለች በልቧ። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ክቡር እንግዳችን፣ ዛፋችንን ስለወደዱልን እናመሰግናለን» አለች። «ጠዋት ያጠብኩት እኔ ነኝ። እጠቢ የተባልኩት ግን የፊቱን ብቻ ስለሆነ ጀርባው ቀርቷል። እባክዎ ከኋላ ዞረው ይዩት።»

ከመምህራኑ መካከል አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ፤ ዞራ ሳታይ ማን እንደሆነ አወቀች። ከመድረኩ ወረደች። ለዛፉ ማጠቢያ ከመጡት ጨርቆች ያልተነካ አንድ ነጭ አነሳችና ዛፉን ዞራ ከጀርባው ቆመች፤ ቅጠሉን እንዲወለውልበት ጨርቁን ለእንግዳው እንደዘረጋች ጠበቀችው።