ወረቀትና ኮላ ብቻ

የአብስራ ከካርቶን የሠሩትን ድልድይ ከዴስኩ ላይ ስታነሳው ከበዳት።

«ኤባ፣ ይሄ ነገር ምን ገባበት?»

«ኮላ ነዋ! ጨመርኩበት አልኩሽ አይደል?» ኤባ አላያትም። ዓይኑ የክፍሉ ፊት ለፊት ላይ ተተክሏል። እዚያ ቲቸር ጉደታ የድርቤን ቡድን ድልድይ በሁለት ጠረጴዛዎች መሃል አጋድመው ጡብ እየደረደሩበት ነው። ሦስተኛው ጡብ ሲቀመጥ ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። አልተሰበረም። አራተኛው ላይ ግን ድልድዩ ወገቡን ተቆርጦ ጡቦቹ ወለሉ ላይ ተንኮታኮቱ፤ ጭብጨባውና ሳቁ ተደባለቀ።

«ሦስት ጡብ! እስካሁን አንደኛ ናቸው» አሉ ቲቸር። «ቀጥሎ ኤባና የአብስራ። ይሄን ስብርባሪ ጠርጌ እስክጨርስ ተዘጋጁ።»

አንደኛ የሚወጡት ሁለት ልጆች ክረምቱን ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ይሠለጥናሉ። የአብስራ ይህን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። እናቷ እንኳ ሰልችቷት «በቃ ግቢና እዚያው ተኚ!» ብላታለች።

ኮላ ደግሞ እንዲህ አይከብድም። ካርቶን እሷን አያታልላትም፤ ስንቱን ቀድዳ፣ ስንቱን ሰብራ ነው እዚህ የደረሰችው! መጀመሪያ በማኒላ ሞከሩ። ማኒላ ለማጠፍ ደስ ይላል እንጂ ሸክም ላይ ፋራ ነው፤ ጡቡን ገና ሲያየው ይንበረከካል። ግራጫውና ድፍኑ የጫማ ካርቶን ጠንካራ ነው፣ ግን ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። እነድርቤ እሱን ደራርበው ነው የሠሩት። የእነሱ ድልድይ የተሠራበት የዘይት ካርቶን ግን ሌላ ነው። በሁለት ወረቀት መሃል እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ሦስተኛ ወረቀት አለው። ሽብሽቡ በድልድዩ ርዝመት ከሄደ ይሸከማል፤ በወርዱ ከሄደ እጥፍ ይላል። ይህን እስኪደርሱበት ሁለቱ ያልተጨቃጨቁት ጭቅጭቅ የለም።

የድልድዩን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ሽብሽቡ የሚፈጥራቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በማኒላ ቁራጭ ተለብጠዋል። ኤባ ማክሰኞ ወደ ቤቱ ሲወስደው ክፍት ነበሩ። ቁራጩን በጥፍሯ ላጥ አደረገችው።

ውስጡ ብረት አለ። የብስክሌት ጎማ ራጂ፣ ያ ቀጭኑ ሽቦ፣ በየቀዳዳው ተሰክቷል።

«ኤባ!»

«ማሎ፣ ማሎ፣ ቀስ በይ! ይሰማሉ።» ኤባ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋውና በኦሮምኛ ይለምናል።

«ወረቀትና ኮላ ብቻ ነው የተባልነው!»

«አውቃለሁ። ዝናብ መታው፣ እሺ? ሰፈሬ ባኬ ጃማ ልደርስ ስል ዶፉ ያዘኝ። ጃኬቴን አውልቄ ሸፈንኩት፣ ግን እንደ ገንፎ ላላ። ምድጃ ዳር አደረቅኩት፤ ደረቀ፣ ጉልበቱ ግን የለም። ከዚያ አጎቴ ሳይክል ከሚጠግንበት ራጂ አመጣሁ።»

«ምንም አልሆነም ብለኸኝ ነበር!»

«ዋሸሁሽ።»

«ለምን? እንደገና እንሠራው ነበር እኮ!»

«በአንድ ቀን?» ድምፁ ቀጠነ። «ስለዚያ ስልጠና ስታወሪ ፊትሽን አይተሽው አታውቂም። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

የአብስራ በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ይበልጥ ያናደዳት ግን የራሷ ልብ ነው፤ «ዝም በይ» እያላት ነበር። ማንም አያይም። ማኒላው ተመልሶ ይለጠፋል። ቲቸር አምስት ጡብ ይጭናሉ፣ ክፍሉ ይጮኻል፣ ሐምሌ ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ ማይክሮስኮፕ ላይ ታጎነብሳለች።

ድርቤን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ድርቤ የድልድይዋን ስባሪ ታቅፋ ከጣቷ ላይ የደረቀ ኮላ ትልጣለች፤ ጥርሷ አልከደን ብሏል።

«አቦ፣ ለጥፊውና እንሂድ» አለ ኤባ በሹክሹክታ።

የኮላውን ክዳን ከፈተችው። ቲቸር ጉደታ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ እነሱ ዞር ብለው አዩና የወደቁትን ጡቦች መልቀም ጀመሩ። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ራጂው ቢወጣ ስንት ይችላል?»

«አንድ ጡብ። እሱም ከቻለ ነው! አብደሻል እንዴ?»

«አልናገርብህም» አለችው። «ግን እንዲህ ሆኖ አላቀርበውም።»

ዴስኩ ሥር ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የነካችውን ሽቦ ጎተተችው። ካርቶኑ ተንቋቋ እንጂ ሽቦው አልወጣም። ደግማ ጎተተች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንዴቱ ይሁን ከጭንቀቱ አላወቀችም። ኤባ እጇን ገፋ አደረገው።

«በዚያ በኩል አይወጣም፤ ጫፉ ቆልማማ ነው» አለና ድልድዩን አዙሮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ራሱ ሳባቸው።

ጠረጴዛዎቹ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ መሃሉ ላይ ረገብ ብሏል። ቲቸር ጉደታ ጡብ አንስተው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ «እሺ፣ ስንት እንጠብቅ?»

«አንድ» አለች የአብስራ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኤባ አንገቱን ደፋ፤ ግን ከጎኗ አልሄደም።

«እኔ ልጫነው?» ብላ ጡቡን ከቲቸር እጅ ተቀበለች። በሁለት እጇ መሃሉ ላይ አስቀመጠችውና፣ ቀስ ብላ ለቀቀችው።