የፎም ሰዓት ለሲቲ

ሀምዲያ የፎሙን ቁራጭ የጋለ ካውያ ላይ አስነክታ እስከ አምስት ቆጠረችና ላጥ አደረገችው። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተጠቀለሉ። የአበባ ቅጠል ሆነ።

«ሃያ አንድ!» አለች ሳሊማ። «ወላሂ እጅሽ ያስቀናል። የኔ ይኸው አረረ።»

«ካውያውን አግለሽው ነዋ። ቀንሺው።»

«እሺ የኔ መምህርት!»

ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ክፍል ይማራሉ፤ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንዷ ከአንዷ በላይ ይኖራሉ። ወለሉ በባለቀለም የፎም ብጥስጣሽ ተሸፍኗል። መሐል ላይ በትሪ ልክ የተቆረጠ ክብ ካርቶን ሰማያዊ ፎም ለብሶ ተቀምጧል። አበባዎቹ የሚለጠፉት በዙሪያው ነው። ከርካሽ ዕቃ መደብር የተገዛ የሰዓት ሞተር ተገጥሞለታል፤ ሰዓት ቆጣሪዋ ከሩቅ እንድትታይ ሀምዲያ ወፍራም ቀይ ፎም አልብሳታለች።

ሰዓቱ ለሲቲ ነው። ሲቲ የሀምዲያ እናት ጠይባ የምትሠራበት ቤት አሮጊት ናቸው፤ የአሠሪዋ የማዳም እናት። «ሲቲ» በዐረብኛ «አያቴ» ማለት ነው፤ ቤቱ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥር አይለዩም። በቀን ሃያ ጊዜ «ጠይባ! ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። ጠይባ ቤቷ ገብታ እንኳ ስልኳ ይጮኻል።

መላውን ያመጣችው ሀምዲያ ናት። በቁጥር ፋንታ ትልልቅ ምልክት ያለበት ሰዓት፤ ለሻይ ብርጭቆ፣ ለምሳ ማንኪያ፣ ለቀን እንቅልፍ ትራስ፣ ሌላዋ ልጃቸው ከሪያድ ለምትደውልበት ስልክ፣ ለዓይን ጠብታው ደግሞ ባለ ሽፋሽፍት ዓይን። ለሶላት ምልክት አላስፈለገም፤ አዛን አለ። ማዳም ይህን ሰምታ ሳቀችና ቃል ገባች። ሲቲ በዚህ ሰዓት አንድ ሳምንት ራሳቸውን ከቻሉ፣ ጠይባ ዓርብ ዓርብ ታርፋለች።

ጠይባ ዓርብ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኅቷ ሀሰና መካ፣ ዑተይቢያ ውስጥ ወልዳ አርባ ቀኗ አልፏል። ሕፃኑን ከድርን ጠይባና ሀምዲያ እስከ ዛሬ ያዩት በስልክ ብቻ ነው። መካ ደግሞ ከጅዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት።

«እማ! ሰዓቶቹን ንገሪኝ!» ብላ ወደ ማድቤት ጮኸች ሀምዲያ።

ጠይባ ከሥራ እንደገባች ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ሻይ በአሥር። ምሳ በሁለት። እንቅልፍ በአራት፣ ስልክ በአምስት። ቀጥራው በሦስት።» ቀጥራ የምትለው ጠብታውን ነው።

ሙቅ ሙጫ ቶሎ ይደርቃል። ሀምዲያ ዓይኑን ሦስት ላይ፣ ከማንኪያውና ከትራሱ መሐል፣ ጥፍ አድርጋ ለጠፈችው።

«ሽፋሽፍቱ ሲያምር!» አለች ሳሊማ። «ልክ የኔን ይመስላል።»

«የአንቺ መቼ ነው ይህን ያህል የረዘመው?»

ቅዳሜ ጠዋት ሀምዲያ ከእናቷ ጋር ሄደች። ሰዓቱን በስልኳ አስተካክላ ሲቲ አልጋ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ሲቲ ተጠግተው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ማሻአላህ! ይቺ ማንኪያ። ይሄ ትራስ። ይሄስ? ዓይን! የኔ ዓይን! ኸላስ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አልጠይቅም።»

ማዳም በስልኳ ፎቶ አነሣችውና ወደ ሳሎን ሄደች። ትንሽ ቆይታ ጠይባ ጠብታውን ይዛ ገባች።

«ሲቲ፣ ቀና ይበሉ። ቀጥራ ነው።»

«የምን ቀጥራ? አታዪም እንዴ? ቀይዋ ቆጣሪ ዓይኑ ጋ መቼ ደረሰች? ሂጂ፣ ገና ነው!»

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አይደል እንዴ?»

«ያ ድሮ ነው። አሁን የራሴ ሰዓት አለኝ።» ሲቲ ሁለት ዓይናቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ከደኑ።

ሀምዲያ ሳቀች። ወዲያው የእናቷን ፊት አየችና ሳቋ ቀጥ አለ። ጠይባ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን። የእጅ ሰዓቷ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ በሀበሻ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ሦስት ሰዓት ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ግን ዘጠኝ ነው፤ በሳዑዲ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነውና።

ጠይባ ማዳም የምትነግራትን በሳዑዲ ሰዓት ትይዛለች፤ በእጇ የምትሠራውን በራሷ ሰዓት። ሽንኩርቱን እየከተፈች ሁለቱን ቀላቅላ ተናገረች። ሀምዲያም አልጠየቀችም።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» ማዳም በሩ ላይ ቆመች።

ጠይባ ፈጠን ብላ መለሰች። «የኔ ስህተት ነው ማዳም። የጠብታውን ሰዓት ለልጅቷ አሳስቼ ነገርኳት።»

«ጠይባ! መድኃኒት ነው እኮ! መጫወቻ አይደለም።» ማዳም ተነፈሰች። «አውርጂው። የዓርቡንም ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን።» ብላ ወጣች።

ሲቲ እያጉረመረሙ ጠብታቸውን ተቀበሉ። ሀምዲያ እናቷን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«እማ፣ ለምን እንዲያ አልሽ?»

«ዝም በይ። ማዳም እኔን ለምዳኛለች። አንቺን ጎበዝ ልጅ ብላ ነው የምታውቅሽ፤ እንደዚያው ትወቅሽ።»

ሀምዲያ ለሳሊማ የሆነውን ጻፈችላት። መልሱ በድምፅ መጣ። «አንቺ ደግሞ! እናትሽ ጥፋቱን ወሰደች፣ አለቀ በቃ። አፍሽን ያዢ! አሁን ሄደሽ ከለፈለፍሽ ጭራሽ ታበላሺዋለሽ።»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማችው። ሳሊማ ብዙ ጊዜ አትሳሳትም። ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ ሳሎን ገባች።

«ማዳም፣ እናቴ አላሳሳተችኝም» አለች በዐረብኛ። «ልክ ነው የነገረችኝ፤ በሀበሻ ሰዓት። የማን ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሙጫው እንዳይደርቅብኝ ቸኮልኩ።»

«የሀበሻ ሰዓት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ስትወጣ ነው መቁጠር የምንጀምረው። የእናንተ ዘጠኝ የእኛ ሦስት ነው።»

«ዘጠኝ እንዴት ብሎ ሦስት ይሆናል?»

«ምኑ ከበደሽ?» ሲቲ ከዘራቸውን እያንኳኩ፣ ጠይባን አስከትለው መጡ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ አባቴ ሰዓቱን አሥራ ሁለት ላይ ያደርገው ነበር። ፀሐይ እንዲህ ሞቅ ስትል፣ ሦስት! አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚቆጥረው። አንቺ አልደረስሽበትም።» ወደ ጠይባ ዞሩ። «አንቺ ሌባ! ይህን ሰዓት እጅሽ ላይ አስረሽ ስንት ዓመት ደበቅሽኝ?»

«ብነግርዎት ኖሮ በቀን አርባ ጊዜ ይጠይቁኝ ነበር ሲቲ!»

ማዳም ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። ሳቋን ስትጨርስ ሀምዲያን ትኩር ብላ አየቻት።

«ዓይኑን ቦታው መልሺው። ሳምንቱ ከነገ ይጀምራል። አንዲት ነገር ከተዛነፈች ግን ዓርብ የለም። ተግባባን?»

«ተግባባን።»

ሀምዲያ ሰዓቱን አውርዳ ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የቢላ ጫፍ በዓይኑ ሥር አስገብታ፣ ሽፋሽፍቱ እንዳይቀደድ ቀስ እያለች አላቀቀችው። ከቤት ይዛ የመጣችውን ሙጫ አሟሟቀች። ዘጠኝ ላይ ልትለጥፈው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

የተሳሳተው አንድ ነው። ያልጠየቀችው ግን ስለ አምስቱም ነው።

ቢላውን አነሣችና በብርጭቆው ሥር አስገባችው።

«ምን ነካሽ? እሱ እኮ ልክ ነው!» አለች ጠይባ።

«ሊሆን ይችላል እማ።»

ማንኪያው ተላቀቀ፤ ትራሱ፤ ስልኩ። ሰማያዊው ክብ አበባዎቹን ብቻ ለብሶ ቀረ። ሀምዲያ ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣችና አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች።

«ነይ ተቀመጪ። ከሻዩ እንጀምር። አሥር ሰዓት ብለሽኝ ነበር። በማን አሥር?»