የተበላሹ ወረቀቶች አንባቢ

መጀመሪያ የሰማሁት ምላስ ነው።

ጣቱን በምራቁ የሚያርስ ሰው የሚያሰማት ያቺ ትንሽ ድምፅ... ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ።

ጥ... ሽው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ጨለማና መቃብር የጠበቀ ሰው እዚህ አያገኝም። ያለሁት ኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው።

ከሆነ አራት ወሩ ነው። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ አሳምሬ እጨርሰው ነበር። የሆነብኝ ግን እንዲህ ነው፤ እንዳለ ተቀበሉኝ።

ቤቱ የእታለም ነው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ እኔን ለማሳደግ ስትል ከሰባተኛ ክፍል ወጣች። ከፊት ማሽኑ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ የምንተኛባት ክፍል። ክፍሏ የኋላ በር ነበራት፤ ቁም ሳጥን ካስደገፍንበት ግን ስድስት ዓመት አልፎታል።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሦስተኛውና የመጨረሻው በማግስቱ ነበር። ከሦስት በላይ አይፈቀድም።

ታዲያ የራሴን መጽሐፍ ሳጠና መዋል ሲገባኝ... የማነበው የሰው ኖት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ኖታቸውን ያመጣሉ፤ ነርሲንጉ፣ ሕጉ፣ ግብርናው፣ ኬሚስትሪው። በፊትና በጀርባ ኮፒ ስታደርግ ወረቀቱን አዙረህ ካላስገባህ፣ ወይ ያንዱን ጥራዝ ከሌላው ከቀላቀልክ፣ ከነርሲንጉ ጀርባ የሕግ ተማሪው ጽሑፍ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሐሳቤ ቶሎ ይሄዳል። እንዲህ የተበላሸ ወረቀት ለማንም አይሰጥም። ሰብስቤ አልጋዬ ሥር አኖረዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን እያወጣሁ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ለፈተናው ይጠቅመኛል ብዬ አይደለም። ኮሌጅ የገባሁ ስለሚመስለኝ ነው።

አንዳንዱ ያስቃል። አንድ ቀን የአንዱ ወረቀት ፊት «ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤» ብሎ ጨረሰ። ስገለብጠው ጀርባው «ክፍሎቹም ለወራሾች እኩል ይከፋፈላሉ» ይላል። የኖቱ ባለቤት ለሆነችው የነርሲንግ ተማሪ ሳሳያት በሳቅ ሞተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ ፕሮፌሰር ይሉኛል። እታለምም ስሙን ከእነሱ ወሰደችው። እሷ ስትለኝ ግን ቁጭት አለበት። የኔ ጭንቅላትና የኛ ማሽን አንድ ናቸው ትላለች፤ ያበሉትን ሁሉ ይበላሉ፣ የሚተፉት የተጨማደደ ነው።

በዚያ ቀን የመፈተኛ ካርዴ ላይ ማኅተም ልታስመታልኝ ወጥታ ነበር። ማኅተም የሚመታበት የመጨረሻው ቀን ነው። ስትወጣ አልተቆጣችም። ይኼኛው ካልሆነ ከዚህ በኋላ ጉልበት የለኝም አለችኝ፣ ዝግ ብላ። መቆጣቷ ይሻል ነበር።

መብራት ጠፍቷል። ማሽኑ ዝም ብሏል። በሩን ገርበብ አድርጌ ማሽኑ አጠገብ መጽሐፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ...

ጥ... ሽው።

«እታለም?» አልኩ።

ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አዘነበልኩ።

ሳላያት ገብታ ይሆን እንዳልል፣ በእኔ በኩል ካልሆነ መግቢያ የለም።

ጥ... ሽው።

ተነሣሁ። መጋረጃውን ገለጥኩት።

ማንም የለም።

የተበላሹት ወረቀቶች ግን አልጋው ላይ ተዘርግተዋል። የላይኛው ወረቀት ጥግ ርሷል። የጣት ቅርጽ ነው።

እኔ ጣቴን አላርስም።

ቀይ መስመርም አለ። እኔ ገና ያልደረስኩባቸው ገጾች ላይ። የነርሲንጉ ገጽ ግርጌ ላይ «ሕመምተኛው ሲጠሩት አቤት ካላለ፣» የሚለው ተሰምሮበታል። ገለበጥኩት። የሕጉ ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመርም ተሰምሮበታል።

«በቤቱ እንደሌለ ይቆጠራል።»

ለመሳቅ ሞከርኩ።

ሁለተኛውን አነሣሁ። ኬሚስትሪ። «ድብልቁን መነካካት አያስፈልግም፤ ጊዜውን ጠብቆ» ይላል። ጀርባው ስለ ቤት አሠራር ነው፤ ብርሃን በየት በየት እንደሚገባ የሚያስረዳ።

«በኋለኛው በር ይገባል።»

ቀና ብዬ ቁም ሳጥኑን አየሁት።

ከግድግዳው ወጣ ብሏል። አንድ ስንዝር ያህል... ለብቻዬ የማልገፋው ቁም ሳጥን። ወለሉ ላይ የተጎተተበት አዲስ ጭረት አለ።

ሦስተኛውን ባላነሣው ይሻል ነበር። ግብርና ነው። «ከአንድ ሥር ሁለት ቀንበጥ ከበቀለ ደካማውን» ይላል። ጀርባው የሥራ አመራር ኖት ነው።

«ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል።»

የቀዩ መስመር ቀለም ገና አልደረቀም። አውራ ጣቴ ቀላ።

ወረቀቱን ጥዬ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣሁ። መጋረጃው ከኋላዬ ተመለሰ። ያን ጊዜ የፊቱ በር ተከፈተና እታለም ብቅ አለች፤ ካርዴን በእጇ ይዛለች። ከፀሐይ ስለገባች መሰለኝ ዓይኗን አጥብባ ጠራችኝ።

«ፕሮፌሰር።»

አቤት ልል ፈለግኩ። ተቀደምኩ።

«አቤት፣» አለ ከመጋረጃው ወዲያ።

ድምፁ የኔ ነው። የኔው ነው... ግን ያልደከመ፣ ሁለት ጊዜ ያልወደቀ።

እታለም ባለችበት ቀረች። ዓይኗ የቤቱን ጨለማ ለምዶ ፊቴ ላይ ተተከለ።

«ማነው አቤት ያለው?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ።» ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አላውቅም።

«አፍህ አልተከፈተም።»

«እንውጣ እታለም። በናትሽ እንውጣ።»

በጣቷ ዝም በል አለችኝ። እንደ ቤቱ ባለቤት ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ቀረበች። እንደምትጮህ ወይም እንደምትሳደብ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ ከመጽሐፌ እያየች የምትጠይቀኝን፣ እኔ ሁልጊዜ የምስተውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ወዴት ይታጠፋል?»

«ወደ ቋሚው መስመር። ገጽ መቶ አሥራ አራት።»

ሳያመነታ። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

እታለም መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

መከተል ነበረብኝ። ከማሽኑ ጋር ተጣብቄ ሰማሁ። ዝግ ያለ ወሬ ነው፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። ቃሉ አይለይም። ሌላም ጠየቀች። ሌላም መለሰ። ከዚያ እታለም ሳቀች... ደስ ብሏት። ሁለተኛውን ፈተና ከወደቅኩ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ወጣች።

ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም። ካርዱን አሁንም ይዛዋለች። ፎቶውን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። ደግማ ፎቶውን... ደግማ እኔን። ኮፒውን ከዋናው እንደምታስተያይ ነው፤ አንዲት ፊደል የጎደለች እንደሆነ ብላ።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ካርዱን በመጋረጃው ክፍተት አሳለፈችው።

እጇ ባዶውን ተመለሰ።

ካርዱ ወለል ላይ ሲወድቅ አልሰማሁም።

«እታለም... ፈተናዬ ነገ ነው እኮ።»

ጠጋ አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስትልከኝ እንደምታደርገው የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። እጇ ይሞቃል። «ነገ የሚፈተነው እሱ ነው፣» አለችኝ፣ ዝግ ብላ።

«ወዴት ነው?» አልኩ፣ ወደ በሩ ስትዞር።

መንገዱን ተሻገረች። ኖታቸውን ታቅፈው የቆሙ ተማሪዎች ሰላም አሏት፤ ቤቱ መቼ ይከፈታል ብለው ጠየቋት። በመካከላቸው አለፈች። እኔን ከእሱ ጋር ትታ፣ ፊቷን አንድም ጊዜ ሳትመልስ በኮሌጁ አጥር ጥግ ታጥፋ ሄደች።